ካች ካኑ ስለሞላ ሠራ ማለት አይደለም

ፎቶው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ግማሽ ድረስ ከካች ካን የተቀዳ ቡናማ ፈሳሽ ያለበት የውሃ ጠርሙስ። ባለቤቱ ስልኩን አውጥቶ ያሳየኝና "አየህ፣ ይሄ ሁሉ ሞተሬ ውስጥ ሊገባ ነበር!" ይለኛል። እኔ ሰሜን ቨርጂኒያ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው። ቱርቦ መኪና ይዞ ከሚመጣው ወጣት አብዛኛው ይህን ፎቶ ያሳየኛል። መልሱን መደጋገም ሰልችቶኛል፤ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ነገሩ ለማይገባው ሰው ባጭሩ እንዲህ ነው። ሞተር ሲሠራ ከሚቃጠለው ጋዝ ጥቂቱ በፒስተኑ ጎን ሾልኮ ወደ ኮፓው፣ ማለትም ሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ቋት ይወርዳል። የፒስተኑ ቀለበት፣ ፋሻው፣ አዲስ ቢሆንም ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ጋዙ እዚያ ታምቆ ከቀረ ዘይት እንዳይፈስ የሚያሽጉትን ሲሎች ይገፋል፣ ዘይቱንም ያበላሻል። ድሮ በቱቦ ወደ አስፋልት ይለቀቅ ነበር። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ከካሊፎርኒያ ጀምሮ፣ ፒሲቪ በሚባል የመተንፈሻ ቫልቭ በኩል ሞተሩ ራሱ ከሚስበው አየር ጋር መልሶ እንዲስበው ተደረገ። ጋዙ ግን ብቻውን አይሄድም፣ የዘይት ጭጋግ ይዞ ነው የሚወጣው፤ ያ ዘይት ነው አየር ማስገቢያው ቫልቭ ላይ የሚጋገረው። ካች ካን የሚባለው ጣሳ መንገዱ መሃል ገብቶ ዘይቱን ያስቀራል፣ ጋዙን ያሳልፋል። ሥራው ይኸው ነው።

ስለ ካች ካን ከሚወራው ስህተት ትናንሾቹን ቶሎ ልጨርሳቸው።

"ጉልበት ይጨምራል።" አይጨምርም። ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ቶሎ ስለሚያንኳኳ (ያለ ጊዜው ስለሚፈነዳ)፣ ያለው ጉልበት እንዳይቀንስ ሊያግዝ ይችላል። ከዚያ አያልፍም።

"ቫልቭ ላይ የተጋገረውን ካርቦን ያጸዳል።" በምን ተአምር? ካች ካን አዲስ እንዳይጋገር ይቀንሳል እንጂ የቆየውን አይነካም። የ2007 ቢኤምደብሊው 335አይ ማኒፎልድ (አየር ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን ቱቦ) ፈትቶ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ጥቁሩ ነገር በጥፍር ቢፍቁት አይነሳም። የሚነሳው በተፈጨ የዋልነት ቅርፊት ነው። ቫልቩ ተዘግቶ፣ ቅርፊቱ በአየር ግፊት እየተረጨ፣ በሌላ በኩል በቫኪዩም እየተሳበ።

"ለሁሉም መኪና ያስፈልጋል።" አንዱ ደንበኛዬ አዲስ አበባ ላለው ወንድሙ ቪትዝ ሊልክለት ነበር። ተው አልኩት። ቪትዝ ቤንዚኑን የሚረጨው ቫልቩ ጀርባ ላይ ስለሆነ ቫልቩ ሁሌም ይታጠባል። ችግሩ ያለው ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ በሚረጩት ሞተሮች ላይ ነው፤ ቫልቩን የሚያጥበው የለም። እንደ ቶዮታ ዲ-4ኤስ ሁለቱንም ዓይነት የሚረጩም አሉ፣ እነሱም በአብዛኛው ራሳቸውን ችለዋል።

አሁን ወደ ፎቶው።

"ጣሳው ሞልቷል፣ ስለዚህ ይሠራል።" መጀመሪያ ነገር፣ የሞላው ምንድነው? አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወልዳል። አብዛኛው በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን በፋሻው ሾልኮ ይወርዳል። በብርድ ወራት፣ መኪናው ሥራ ቦታ ደርሶ ለመመለስ ብቻ ሲነሳ፣ ይህ ተን ቀዝቃዛው ጣሳ ውስጥ ውሃ ይሆናል። ቤንዚንም ይጨመርበታል። የዚያ ጠርሙስ ብዙው ክፍል ዘይት አይደለም። ነጣ ያለ ቡናማ መልኩን አይተው "ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ተቃጠለ" ብለው በድንጋጤ የሚደውሉልኝም አሉ። የራዲያተር ውሃ ካልቀነሰ ተረጋጉ፤ ጤዛ ነው።

ሁለተኛ፣ በእርግጥ ብዙ ዘይት ከሆነስ? ያ የጣሳው ጉብዝና ላይሆን ይችላል። አንዱ "የኔ በየሳምንቱ ይሞላል" እያለ ሲኮራ ሲሊንደሮቹን በአየር ግፊት ፈተሽኳቸው። በዘይት መለኪያው ቀዳዳ አየሩ ሲያፏጭ ራሱ ሰማ። ፋሻው አልቋል። ልጁ የሚያስፈልገው ካች ካን ሳይሆን ሞተር ማውረድ ነበር።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ ጣሳው የያዘውን እንጂ ያመለጠውን አያሳይም። የዘይቱ ጭጋግ እጅግ ደቃቅ ነው፣ አብዛኛው ማይክሮን አካባቢና ከዚያም በታች። ባዶ ጣሳ ውስጥ ከገባ አንዴ ዞሮ ይወጣል። የሚቀረው ትልልቁ ጠብታ ብቻ ነው። የሱባሩ ደብሊውአርኤክስ ይዞ የመጣ ልጅ ሰማያዊ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ርካሽ ጣሳ አስገጥሞ ነበር። ክዳኑን ከፈትኩት። ውስጡ ምንም የለም! መግቢያውና መውጫው ሁለቱም ከላይ በኩል፣ ጎን ለጎን። የመውጫውን ቱቦ ነቅዬ ጣቴን ሳስገባ በዘይት ተነክሮ ወጣ። ልጁ ግን በስልኩ ላይ የሞላ ጠርሙስ ፎቶ ነበረው።

ስለዚህ ስትመርጡ ቀለሙን ትታችሁ ውስጡን ጠይቁ። ጋዙ ፍጥነቱን የሚቀንስበት ግድግዳ፣ አቅጣጫ የሚቀይርበት መንገድና ጥቅጥቅ ያለ የማይዝግ ሽቦ ሊኖረው ይገባል። ተን አክንባሎ ሲነካ ጠብታ እንደሚሆነው፣ ጭጋጉም ብዙ ብረት ሲነካ ነው ተሰብስቦ የሚወርድ። የወረደው ፈሳሽ ተመልሶ እንዳይሳብም ከሥር የሚለይ ሳህን ያለው ይሻላል። ባዶውን ጣሳ ገዝታችሁ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ የምትጠቀጥቁ ደግሞ እባካችሁ ተዉት። ሽቦው ይሰበራል፣ ብናኙም ወደ ሞተር ይሳባል።

ፈተናው ቀላል ነው። መውጫው ላይ አዲስ ንጹሕ ቱቦ ግጠሙ፣ ጥቂት ሳምንት ንዱ፣ ከዚያ ነቅላችሁ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ከደረቀ ጥሩ ዕቃ ገዝታችኋል። ከረጠበ፣ የጠርሙሱን ፎቶ ለሌላ ሰው አሳዩ።

"አንድ ቱቦ ላይ ከገጠምኩ ይበቃል።" ቱርቦ ለሌለው አዎ፣ በአብዛኛው። ቱርቦ ያለው ላይ ግን ቱርቦው አየር ሲነፋ ማኒፎልዱ ውስጥ ግፊት ስለሚሆን የፒሲቪው ቫልቭ ይዘጋል። ጋዙ ያኔ በሌላ በር፣ ከሞተሩ ወደ ቱርቦው መግቢያ በሚሄደው ቱቦ ይወጣል። ብዙ ጋዝ የሚሾልከውም ነዳጅ ሲረገጥ ነው። ፒሲቪው ላይ ብቻ የተገጠመ ጣሳ ያን ሰዓት ሥራ ፈት ነው። ሁለቱንም መንገድ የሚይዝ ግዙ።

"ትልቅ ይሻላል፤ ላዩ ላይ ፊልተር ያለው ደግሞ የእሽቅድምድም ነው።" የዓለም አቀፉ የመኪና ማኅበር፣ የኤፍአይኤ፣ የውድድር ደንብ የሞተር መተንፈሻቸው ክፍት ለሆኑ መኪኖች እስከ 2000 ሲሲ 2 ሊትር፣ ከዚያ በላይ 3 ሊትር የሚይዝ ማጠራቀሚያ ይጠይቃል። ምክንያቱ ዘይት መሮጫው ላይ ፈስሶ ሌላው እንዳይንሸራተት ነው። ለቫልቭ ንጽሕና ታስቦ አይደለም። መንገድ ላይ ክፍቱን ከገጠማችሁ ሞተሩ ጋዙን መሳብ ያቆማል፣ ሽታው ካቢን ይገባል። የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግም ይከለክለዋል። ከጣሳው ትልቀት ይልቅ የቱቦው ስፋት ነው የሚያሳስበኝ፤ ከፋብሪካው ቱቦ ከጠበበ ግፊቱ ሲሎቹን ይገፋል። ቱቦውም ዘይት የሚችል ይሁን። የራዲያተር ውሃ ቱቦ በዘይት ያብጥና ይልማል።

"ገጥሞ መርሳት ነው።" ጥር ላይ ትረሱትና ታያላችሁ። ያ ሁሉ ውሃ ይረጋል፣ መንገዱን ይዘጋል፣ ጋዙ መውጫ ሲያጣ የዘይት መለኪያውን ነቅሎ ኮፈን ሥር ዘይት ይረጫል። በሙቀት ወራት ዘይት ስትቀይሩ ካያችሁት ይበቃል። በብርድ ግን ነዳጅ ስትሞሉ ኮፈኑን ከፍታችሁ እዩት። ከሥሩ መክፈቻ ያለው ምረጡ፤ በየጊዜው በመፍቻ የሚፈታ ከሆነ እንደማታደርጉት አውቃለሁ።

አንድ ሰው ደግሞ የተጠራቀመውን "ዘይት ነው፣ ለምን ይባክናል" ብሎ መልሶ ሞተሩ ውስጥ ይጨምር ነበር። ውሃ፣ ቤንዚንና አሲድ ነው የጨመረው። ከተቃጠለው ዘይት ጋር አድርጋችሁ ያገለገለ ዘይት ለሚቀበል የመለዋወጫ ሱቅ ስጡት።