አምፖሉን አጥፍተን ምጣዱን ረሳነው

አባቴ ሳሎን ገብቶ "ይሄ ለማን ነው የሚበራው?" ሳይል አይወጣም ነበር። ብዙዎቻችን ቁጠባን የተማርነው እንዲህ እየተቆጡን ነው። ታዲያ ትክክሉም ስህተቱም አብሮን አደገ።

"አምፖል ካጠፋሁ የመብራት ቢል ይቀልልኛል"

ይቀልላል፤ ግን እስቲ እናስላው። 10 ዋት የሚስብ ኤልኢዲ አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለመቁጠር 20 ቀን ይፈጅበታል። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ግን 2 ሰዓት ሲሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። አምፖሉ እዚያ ለመድረስ 140 ቀን ያስፈልገዋል! ታሪፉም በደረጃ ነው፤ ብዙ በተጠቀምን ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ይጨምራል።

ስለዚህ ዓይናችን ምጣዱ ላይ ይሁን። እንጀራ ሳይጋገርበት እስኪግል የሚበላው መብራት በየጋገራው ይደገማል። በሳምንት ሦስቴ ትንሽ ትንሽ ከመጋገር አንዴ በርከት አድርጎ መጋገር ይሻላል። ሊጡ ኩፍ ሳይል ምጣዱን አትሰኩ። የመጨረሻዋን እንጀራ ደግሞ ሶኬቱን ነቅላችሁ በቀረው ሙቀት ሞክሯት።

"በብዛት መግዛት ሁሌም ያዋጣል"

እንደ ዕቃው ነው። ጤፍ ሳይፈጭ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለዓመታት ይቆያል፤ ነቀዝም እንደ በቆሎ አይደፍረውም። አቅም ካለ፣ ወይም ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ፣ በኩንታል መግዛት ጥሩ ነው።

ሽንኩርት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ክረምት ርካሽ አገኘሁ ብዬ 20 ኪሎ ተሸክሜ ገባሁ። እንደታሰረ ጥግ ላይ ወረወርኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽታው ጠራኝ፤ ከፊሉ በስብሷል፣ ከፊሉ በቅሏል። የተረፈውን በኪሎ ሳሰላው ከሰፈር ጉሊት ዋጋ በልጦ አረፈ። ሽንኩርት አየር ይፈልጋል፤ ፌስታል ውስጥ ይታፈናል።

"ትንሽ ትንሽ እየገዛሁ ነው የምቆጥበው"

ይሄ ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው። ዘይት በብርጭቆ፣ ዱቄት ሳሙና በሳሼ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የበለጠ ይከፍላል። ሁሉንም በአንድ ወር ማስተካከል ከባድ ነው። ዘንድሮ ደሞዝ እንደሚታወቀው ነው። በዚህ ወር ዘይቱን በ5 ሊትር፣ በሚቀጥለው ሳሙናውን እያሉ መሄድ ይቻላል።

"እቁብ ስለምጥል ገንዘቤ እያደገ ነው"

እቁብ ይሰበስባል እንጂ አያሳድግም። 12 ሰው በወር 5,000 ብር ቢጥል ዕጣው 60,000 ብር ነው። መጀመሪያ የደረሰው ሰው ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ የደረሰውም ያንኑ 60,000 ይወስዳል፤ ገበያው ግን ዓመቱን ሙሉ ቆሞ አልጠበቀውም። ባንክስ? ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የዋጋ ንረቱ በተደጋጋሚ ቀድሞታል።

እኔ ግን እቁቤን አልተውም። ለባንክ ሂሳቤ "በዚህ ወር አልተመቸኝም" ማለት ቀላል ነው። ለእቁብ ሰብሳቢ እስቲ ሞክሩት! ብቻ ዕጣው ሳይወጣ በፊት ምን እንደሚገዛበት ወስኑ።

"ዋጋ መከራከር ሼም ነው"

ነጋዴዋም ስትገዛ ትከራከራለች።

"ቆጣቢ ማለት ቋጣሪ ነው"

ቅርጫን አስቡት። የሰፈር ሰው ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ይገዛል፣ ያርዳል፣ መደብ በመደብ አድርጎ በዕጣ ይካፈላል። ብዙ ጊዜ ከሉካንዳ ዋጋ ይቀንሳል፤ ማንንም ግን ቋጣሪ የሚል የለም። ምላሱና ጉበቱ እኩል ተካፍሏል አልተካፈለም በሚለው ላይ ግን ክርክሩ እስከ ምሳ ሊቆይ ይችላል።