አደንዛዥ ዕፅ መያዝ «ወንጀል አይደለም» ማለት «ተፈቅዷል» ማለት ነው?

አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚምታታበትም እዚህ ጋ ነው። ፖርቱጋልን እንይ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2001 ጀምሮ ለራሱ መጠቀሚያ፣ ከ10 ቀን ፍጆታ ያልበለጠ ዕፅ ይዞ የተገኘ ሰው በወንጀል አይከሰስም። ለሄሮይን ይህ መጠን 1 ግራም ነው፤ ኢምንት ነገር። ዕፁ ግን ይወረሳል። ሰውየውም ዳኛ ፊት ሳይሆን የሕግ፣ የጤናና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎች የሚቀመጡበት ኮሚሽን ፊት ይቀርባል። ኮሚሽኑ ገንዘብ ሊቀጣው ወይም፣ ሱስ ካለበት፣ ወደ ሕክምና ሊመራው ይችላል። አስገድዶ ማሳከም ግን አይችልም፤ መታከም አለመታከሙ የራሱ ውሳኔ ነው። ለጤና የግል ኃላፊነት የሚባለው፣ በእኔ እይታ፣ በተግባር ይህን ይመስላል። ሻጩስ? እሱን ዛሬም እስር ይጠብቀዋል። «ተፈቀደ» የሚባለው ምርቱና ሽያጩ ጭምር በፈቃድ ሲካሄድ ነው፤ ኡራጓይና ካናዳ በካናቢስ (በጋንጃ) እንዳደረጉት።