የተሻሻለ የዘይት ፓምፕ ምርጫ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቱርቦ የተጨመረለት ወይም ከፋብሪካው ገደብ በላይ እንዲዞር የተደረገ ሞተር ዘይት ለአፍታ ከተቋረጠበት ቤሪንጉን (ክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚዞርበትን መያዣ) ይበላል። ስለዚህ ብዙዎች ቶሎ የሚያስቡት የዘይት ፓምፑን መቀየር ነው፤ የሚገዙትም በካርቶኑ ላይ ትልቁን ቁጥር አይተው ነው። ምርጫው ግን መነሳት ያለበት ከሁለት ጥያቄዎች ነው። የሞተሩ የቤሪንግ ክፍተት ስንት ነው? ፓምፑንስ የሚያዞረው ክፍል ምን ያህል ጠንካራ ነው?

«ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ሞተሩ በተሻለ ይለሰልሳል»

ፓምፕ የሚገፋው ዘይት እንጂ ግፊት አይደለም። ግፊት የሚፈጠረው ዘይቱ በቤሪንጉና በክራንክ ሻፍቱ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ለማለፍ ሲታገል ነው። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ የዘይት ግፊት ጌጁ ሽቅብ የሚወጣው ዘይቱ ገና ወፍራም ስለሆነ ነው፤ ቤሪንጉ የበለጠ ዘይት አግኝቶ አይደለም። ጌጁን ለማስደሰት ወፍራም ዘይት መሙላትም ያው ነው። ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ በቤሪንጉ አልፎ ሙቀቱን ይዞ የሚወጣው ዘይት ግን ይቀንሳል።

የሞተር ሠሪዎች የቆየ መለኪያ ዘይቱ በደንብ ሞቆ ለእያንዳንዱ 1000 ዙር በደቂቃ 10 ፒኤስአይ ግፊት፣ ማለትም 0.7 ባር ገደማ ነው። እስከ 7000 ዙር ለሚሄድ ሞተር 70 ፒኤስአይ ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ጫና ነው። ፍሰቱን በሊትር በደቂቃ፣ ግፊቱን በባር ወስደው ያባዙና ለ600 ያካፍሉ፤ ለዘይቱ የሚሰጠው ኃይል በኪሎ ዋት ይወጣል። 60 ሊትር በ4 ባር 0.4 ኪሎ ዋት ነው፣ በ6 ባር ደግሞ 0.6። ለሞተሩ ጉልበት ይህ ኢምንት ነው። ዘይቱን ለሚገፋው የፓምፑ ጥርስ ግን የግማሽ ያህል ተጨማሪ ጭነት ነው።

«ከፍተኛ ፍሰት እና ከፍተኛ ግፊት አንድ ነገር ናቸው»

ፍሰቱን የሚወስነው የጥርሱ መጠን ነው፤ የግፊቱን ጣሪያ የሚወስነው ደግሞ የመልቀቂያ ቫልቩ (ግፊት ሲበዛ ተከፍቶ ትርፉን ዘይት የሚመልሰው) ሞላ። በቼቭሮሌት ስሞል ብሎክ ሞተር የመደበኛው ፓምፕ ጥርስ ቁመት 1.2 ኢንች ነው፣ ከፍተኛ ፍሰት የሚባለው 1.5 ኢንች። በአንድ ዙር 25 በመቶ ተጨማሪ ዘይት ይገፋል፤ ሞላው ካልተቀየረ ግን የግፊቱ ጣሪያ አይነቃነቅም።

የትኛው እንደሚያስፈልግ የሚነግረው የቤሪንጉ ክፍተት ነው። የተለመደው ልክ ለእያንዳንዱ ኢንች የክራንክ ሻፍት አንገት ውፍረት 0.001 ኢንች ነው፤ ለ65 ሚሊ ሜትር አንገት 0.065 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እዚህ አካባቢ ለተገጣጠመ ሞተር ደህና የተሠራ መደበኛ ፍሰት ያለው ፓምፕ ይበቃል። ክፍተቱ ወደ 0.08 ሚሊ ሜትር ከሰፋ፣ ወይም ቱርቦ፣ ፒስተን ከሥር የሚረጭ ኖዝልና የዘይት ማቀዝቀዣ ከተጨመረ ፍሰቱን መጨመር ተገቢ ነው። ያለዚህ ምክንያት ትልቅ ፓምፕ ቢገጠም ትርፉ ዘይት በመልቀቂያ ቫልቩ ተመልሶ ይሞቃል። በስሞል ብሎክ ላይ ደግሞ ፓምፑ የሚዞረው በዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ስለሆነ፣ ጭነቱ ካም ሻፍቱና ዲስትሪቢዩተሩ የሚነካኩበትን ጥርስ ይበላል።

«ትልቅ ፓምፕ የዘይት ቋቱን ያደርቃል»

ከፊሉ እውነት ነው። የመልቀቂያ ቫልቩ አንዴ ከተከፈተ ትርፉ ወደ መምጠጫው ስለሚመለስ ወደ ሞተሩ የሚገባው ዘይት ያን ያህል አይጨምርም። ቋቱን የሚያደርቀው ብዙውን ጊዜ ከላይ የወጣው ዘይት ቶሎ አለመመለሱና በመታጠፊያ ላይ ወደ ጎን መሸሹ ነው። መፍትሔው ወደ ቴስታታው የሚወጣውን ቀዳዳ ማጥበብ፣ መመለሻውን ማስፋትና ቋቱ ውስጥ ዘይቱን የሚያግድ ክፍልፋይ መግጠም ነው።

«የፋብሪካ ፓምፕ የሚሰበረው ስላረጀ ነው፤ አዲስ ከተገጠመ አለቀ»

በዚህ ስህተት ብዙ ጥሩ ሞተር ጠፍቷል። የኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር ሞተር የሆነውን አርቢ26 እንውሰድ። የፓምፑ ውስጠኛ ጥርስ የሚዞረው በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ በተቆረጡ ጠፍጣፋ ፊቶች ነው። በመጀመሪያዎቹ አር32 የሚባሉት የስካይላይን ትውልድ መኪኖች እነዚህ ፊቶች አጭር ስለሆኑ ጥርሱን የሚይዙት በጥቂቱ ብቻ ነው። ጥርሱም ከብረት ዱቄት ተጨምቆና ተጋግሮ የተሠራ ነው፤ ጭነትን ይችላል፣ ተደጋጋሚ ምትን ግን አይችልም። ረጅሙ ባለ ስድስት ሲሊንደር ክራንክ ሻፍት በከፍተኛ ዙር እየተጠማዘዘ ይንቀጠቀጣል፤ ሞተሩ የዙር ገደቡን በነካ ቁጥር ደግሞ ጠፍጣፋው ፊት ጥርሱን እንደ መዶሻ ይመታዋል። አንድ ቀን ጥርሱ ይሰነጠቃል፤ በሰከንዶች ውስጥ ግፊቱ ዜሮ ይሆናል።

እዚህ ላይ ፍሰትን መጨመር አይጠቅምም። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ቶርኖ ቤት ወስዶ በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ጥርሱን በሙሉ ስፋቱ የሚይዝ ሰፊ ቀለበት ማስገጠም፣ ቀጥሎ ከወጥ ብረት የተቆረጠ ጥርስ ያለው ፓምፕ መምረጥ፣ ከዚያ ጎማው የደረቀውን የክራንክ ሻፍት ንዝረት አፋኝ ፑሊ በአዲስ መቀየር። ክብደት ለመቀነስ ተብሎ ጎማ የሌለው ወጥ ፑሊ መግጠም ጥርሱን በገዛ እጅ መስበር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በፎርድ ሙስታንግ የተገጠመው ባለ 5.0 ሊትር ኮዮቴ ሞተርም ሱፐርቻርጀር ሲጨመርለት የሚታማው በዚሁ የዱቄት ብረት ጥርስ ነው።

«ከገጠምኩት በኋላ ግፊቱ ዝቅ ካለ ፓምፑ ብልሹ ነው»

ከፓምፑ በፊት የመምጠጫውን መንገድ ይመርምሩ። በጄኔራል ሞተርስ ኤልኤስ ሞተሮች ላይ በመምጠጫ ቱቦውና በፓምፑ መካከል አንድ ኦሪንግ አለ። ውፍረቱ ከቱቦው ጋር ካልገጠመ ወይም ሲገባ ከተቆረጠ ፓምፑ ከዘይት ጋር አየር ይስባል። መምጠጫው ከቋቱ ወለል ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት፤ ከተጠጋ ይታፈናል፣ ከራቀ አየር ይውጣል። ኤልኤስ ላይ ፓምፑ ክራንክ ሻፍቱን መሃል ለመሃል እንዲይዝ ብሎኖቹን ላላ አድርገው ሞተሩን በእጅ እያዞሩ ያስተካክሉ፤ ከዚያ በ25 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ።

ፓምፑን ሲገጥሙ ውስጡን በዘይት ይሙሉ። ካንዴላዎቹን አውጥተው፣ ነዳጁንና እሳቱን ቆርጠው፣ ጌጁ እስኪነሳ ድረስ በሞተሪኖ በየተራው ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያዙሩ፣ በመካከልም ያሳርፉት። ሞተሩ ከተነሳና ለግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ፊልትሮውን ቆርጠው ወረቀቱን በማግኔት ይፈትሹ። ማግኔት የሚስበው ፍርፋሪ ከፓምፑ ጥርስ ወይም ከሌላ ብረት የመጣ ነው፤ ማግኔት የማይነካው የሚያብለጨልጭ ደግሞ በአብዛኛው የቤሪንግ ሽፋን ነው፣ እሱ ከታየ ሞተሩን ዳግም አያስነሱ።