በጎጃም የቤት ጠጅ አጣጣል

በጎጃም ቤቶች የሚጣለው ጠጅ ከማር፣ ከውሃና ከጌሾ በቀር ሌላ አይገባበትም። ለገበያ የሚጣለው ብዙ ጊዜ በስኳር እየተደገፈ፣ አንዳንዴም በቀለም እየተቀባ ስለሚቀርብ፣ የማሩን ጣዕም እንዳለ የሚያቀርበው ይህ የቤት አጣጣል ሊከበርና ሊጠበቅ የሚገባው ነው።

የጠጁ መልክ አስቀድሞ የሚወሰነው በማሩ ነው። ክረምቱ ሲወጣ አደይ፣ መችና ኑግ ስለሚያብቡ፣ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር የእነዚህን አበቦች ጣዕም ይዞ ይመጣል፤ ከክረምት በፊት የሚቆረጠው ደግሞ እንደ ብሳናና ባሕር ዛፍ ያሉትን ዛፎች ይከተላል። ስለዚህ የጮቄ ደጋ ማር የተጣለበት ጠጅና የዓባይ በረሃ ማር የተጣለበት ጠጅ፣ አንዲት ሴት በአንድ ዓይነት መጠን ብትጥላቸው እንኳ፣ አንድ አይሆኑም።

ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ማሩ ሳይጣራ ከነሰፈፉ በውሃ ይበጠበጣል፤ አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ የተለመደ ነው፣ የሚያቀጥኑትም አሉ። ብርዙ ተከድኖ ጥቂት ቀን ሲያድር ሰፈፉ ወደ ላይ ይወጣና ይገፈፋል፤ ሰሙ ለጧፍ ይሆናል። ቀጥሎ ጌሾው ይገባል፤ ለጠላ ቅጠሉ እንደሚመረጥ ለጠጅ የሚመረጠው እንጨቱ ነው። በሬ ተጠምዶ የማይታረስበት፣ በጣና ሐይቅ ዳር ያለው የዘጌ ልሳነ ምድር ከቡናው ጋር በጌሾውም ይታወቃል። ጌሾው በጋኑ ውስጥ ሲቆይ ምሬቱ ማሩን ስለሚያፍነው፣ የጣይዋ ትልቁ ጥበብ የሚታየው መቼ እንደምታወጣው በማወቋ ነው።

እርሾ ከውጭ አይጨመርም። የሚያፈሉት ከማሩ፣ ከጌሾውና ከጋኑ የሚገኙ ጥቃቅን ሕዋሳት ሲሆኑ፣ ዋነኛው ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲያ የተባለው እርሾ ነው። ቆላ ላይ ጠጁ በጥቂት ቀን ይበስላል፤ ደጋ ላይ ብርዱ ስለሚያዘገየው ሳምንታት ይወስዳል፣ የሚያጣድፈው ሰውም የለም።

በብርሌ ከተቀዳ በኋላም መፍላቱን ስለማያቆምና እያደር ስለሚኮመጥጥ፣ ሩቅ መንገድ አይችልም፤ የሚጠጣውም በአብዛኛው ማሩ በተቆረጠበት አካባቢ ነው።