ታቲንግ ኪሮሽ አይደለም፤ እንደሚባለውም ጥንታዊ አይደለም

ዳንቴል ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ቴሌቪዥኑ ላይ የተነጠፈው የእናታችን የኪሮሽ ሥራ ነው። በትንሽ መወርወሪያ ክር እየቋጠሩ የሚሠሩት ዳንቴል፣ ታቲንግም፣ ከሩቅ ሲያዩት ያንኑ ይመስላል። ስለ እሱ የሚባሉትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ታቲንግ ያው ኪሮሽ ነው።» አይደለም። የኪሮሽ ሥራ ጫፉ ከተሳበ ይተረተራል። ታቲንግ ግን ሙሉ በሙሉ ቋጠሮ ነው፤ ቋጠሮዎቹ ተደርድረው ትናንሽ ቀለበቶች ይሆናሉ፤ አንዱን ስህተት ለመፍታት መርፌና ትዕግሥት ይፈልጋል። ክሩ የሚጠቀለለው መዳፍ ውስጥ በምትገባ ትንሽ መወርወሪያ ላይ ነው።

«መወርወሪያ ካለው ሽመና ነው።» ድር የለ፣ ማግ የለ፤ ምኑ ነው ሽመና?

«በ1700ዎቹ የቤተ መንግሥት እመቤቶች ይሠሩት ነበር።» ይህኛው የዋዛ ስህተት አይደለም፤ ማስረጃ ተብሎ ሥዕል ይቀርብበታል። የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 15ኛ ልጅ ማዳም አዴላይድ፣ ሠዓሊው ናቲዬ በ1756 በሣላት ሥዕል ላይ መወርወሪያ ይዛ ትታያለች (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ግን የሥዕሉ ርዕስ ራሱ ቋጠሮ እየሠራች ነው ይላል። ያኔ ፋሽኑ ክሩን እየቋጠሩ እንደ ጨሌ የተደረደረ ረጅም ፈትል ማውጣት ነበር። ፈትሉ በኋላ ጨርቅ ላይ ይሰፋል። ቀለበት የለውም፤ ዳንቴልም አይደለም። መወርወሪያውም ተለቅ ያለ፣ አፉ ክፍት ነበር። የታቲንጓ ግን ክሩ እንዳያመልጥ ጫፏ ግጥም ይላል።

ታቲንግ ብቅ ያለው በ1800ዎቹ ነው። መጀመሪያ ላይ ቀለበቶቹ ለየብቻ ተሠርተው በኋላ ይታሰሩ ነበር። የእጅ ሥራ መጻሕፍት ደራሲዋ ሪዬጎ ደ ላ ብራንሻርዲዬር በ1850 ስለ ታቲንግ መጽሐፍ ስታሳትም ሙያው ገና ልጅ ነበር።

«የሥራ ፈት ጨዋታ ነው።» እርግጥ ስሙም አላገዘውም፤ ፈረንሳዮቹ ከንቱ ነገር እንደማለት «ፍሪቮሊቴ»፣ ጣሊያኖቹ ወሬኛ እንደማለት «ኪያኬሪኖ» ይሉታል። የሮማኒያዋ ንግሥት ኤልሳቤጥም ትሠራው ነበር። ነገር ግን በአየርላንድ አርዲ ከተማ በ1847፣ በዚያ ክፉ የረሃብ ዘመን፣ ሴቶች የተማሩት ለእንጀራቸው ነው።

«ቋጠሮውን የሚሠራው የመወርወሪያው ክር ነው።» ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ክሩ የዞረባቸው የግራ እጅ ጣቶች ላላ ሲሉ፣ ቀኝ እጅ ደግሞ ክሩን ወጠር ሲያደርግ፣ ጥምዝምዙ ዘሎ ወደ ግራው ክር ይሻገራል። የመወርወሪያው ክር መሀል ላይ ቀጥ ብሎ ይቀራል። መጨረሻ ላይ ሲሳብ ቀለበቱ እንደ ከረጢት አፍ ሰብሰብ ይላል። አልሰበሰብ ካለ፣ አንዱ ቋጠሮ ሳይሻገር ቀርቷል።