ሜሪ ካልኪንስ ዲግሪውን ያጣችው ወድቃ አይደለም

የሳይኮሎጂ ታሪክ ሳስተምር በየዓመቱ ስለ አሜሪካዊቷ የሳይኮሎጂ ተመራማሪና ፈላስፋ ሜሪ ዊትን ካልኪንስ ያው ስህተት ይመጣብኛል። አሁንስ ሰለቸኝ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

"በአሜሪካ በሳይኮሎጂ ዶክትሬት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት።" አይደለችም። ያቺ ማርጋሬት ዋሽበርን ናት፤ በ1894 ከኮርኔል።

"ከመነሻዋ የሳይኮሎጂ መምህር ነበረች።" ዌልስሊ ኮሌጅ በ1887 የቀጠራት ግሪክኛ እንድታስተምር ነው።

"ሃርቫርድ ዲግሪ የከለከላት ፈተናውን ስላላለፈች ነው።" ይሄኛው ያበሳጨኛል። በ1895 ተፈተነች፤ ፈታኞቿም በውጤቷ ተደንቀው ዲግሪው ይገባታል ብለው ለዩኒቨርሲቲው ጻፉ። ከፈታኞቹ አንዱ ታዋቂው የሃርቫርድ የሳይኮሎጂ መምህር ዊልያም ጄምስ ነበር። ዩኒቨርሲቲው እምቢ አለ። ምክንያቱ ሴት መሆኗ ብቻ ነው። ሲጀመርም ክፍል የገባችው በእንግድነት ነበር።

ሥራዋስ? ለሰዎች አንድ ቀለም ታሳያለች፣ ከዚያ አንድ ቁጥር። ቆይታ ቀለሙን ብቻ ታሳይና ቁጥሩን ትጠይቃለች። ጥንዶቹን ደጋግሞ ማየት፣ ጎላ አድርጎ ከማሳየትም ሆነ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ከማሳየት ይበልጥ እንደሚያስታውስ ያገኘችው በዚህ ነው። ለፈተና የምታጠኑ ልጆች፣ ይህን ያዙልኝ፤ በቀለም ማስመር መድገምን አይተካም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ይሄ ነው፤ "በ1902 ራድክሊፍ ዶክትሬት ሲሰጣት አልቀበልም ያለችው በእልህ ነው። ዲግሪ ያው ዲግሪ ነው።" ያው አይደለም! ራድክሊፍ የሃርቫርድ እህት የሴቶች ኮሌጅ ነበር። እሷ የሠራችው ግን በሃርቫርድ ቤተ ሙከራ፣ በሃርቫርድ መምህራን ሥር ነው። ወንድ ብትሆን ወረቀቱ የሃርቫርድ ይሆን ነበር። የራድክሊፍን መቀበል ያን መድልዎ ማጽደቅ ነው። የተቀበሉትን ሴቶች አልነቀፈችም፤ ቀላሉን መንገድ ግን ለራሷ አልወደደችም።

አንዲት ጓደኛዬ ጥናቱን ከዳር እስከ ዳር ሠርታ ሪፖርቱ ላይ "ረዳት" ተብላ ወጣች። ቅር ሲላት "ስምሽ ከገባ ምን አነሰሽ?" አሏት። እሷ ፊት ቆሞ "ያው ነው" ማለት የሚችል ይምጣ።

ደግሞ "ዲግሪው ስለቀረባት ሥራዋም ቀረ" ይላሉ። በ1891 በዌልስሊ የሳይኮሎጂ ቤተ ሙከራ አቋቁማለች። በ1905 የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆናለች፤ በ1918 የፈላስፎቹንም ማኅበር መርታለች። በ1927 የሃርቫርድ የቀድሞ ምሩቃን ዲግሪዋ ይሰጣት ብለው ጠየቁ፤ ያኔም አልተሰጣትም። በ1930 አረፈች።

ስለ እሷ የምትጽፉ ተማሪዎች፣ አደራ፣ "የሃርቫርድ ዶክተር" አትበሏት፤ "የራድክሊፍ ምሩቅ"ም አትበሏት። "ፕሮፌሰር ካልኪንስ" በሏት። በዌልስሊ እስከ 1929 ያስተማረችው በዚህ ማዕረግ ነው።