የቺንጋ መንሸራተት ምንድን ነው?

ከሐይቅ ወደ መርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ ወፍጮ ቤት፣ በታኅሣሥ ወር፣ የአስፈጪው ወረፋ ደጅ ደርሶ ነበር። ሞተሩ በሙሉ ድምፁ ይሠራል፤ ማሽላው ሲጨመር ግን ድንጋዩ ዝግ ይላል፣ የተቃጠለ ጎማም ይሸታል። ባለወፍጮው በአንድ ወር ውስጥ ሁለተኛ አዲስ ቺንጋ ማስገባቱ ነበር።

ቺንጋ የሞተሩን ጉልበት ወደ ወፍጮው የሚያሻግር የጎማ ቀበቶ ነው። ጥርስ የለውም፤ ሥራው ሁሉ ፑሌጃውን፣ ማለትም የሚጠመጠምበትን ባለቦይ መንኮራኩር፣ አጥብቆ መያዝ ነው። መያዣው ሲላላ ፑሌጃው እየዞረ ቺንጋው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጉልበቱም ድንጋዩ ጋ ሳይደርስ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። መንሸራተት የሚባለው ይህ ነው። ሙቀቱ የቺንጋውን ጎን እንደ መስታወት ያለሰልሰዋል፣ የለሰለሰው ደግሞ የባሰ ይንሸራተታል።

መጀመሪያ ማድመጥ ይበጃል። እህል ሲገባ ሞተሩ ሳይጨነቅ ወፍጮው ብቻ ከደከመ የሚንሸራተተው ቺንጋው ነው። ሞተሩም አብሮ ካቃሰተና ጥቁር ጭስ ከተፋ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እህሉ እርጥብ፣ ድንጋዮቹ ከመጠን በላይ የተጠጉ ወይም ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ የተበላ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ፑሌጃዎች እየዞሩ ድንጋዩ ከቆመስ? ፑሌጃውን ከዘንጉ ጋር የሚቆልፈውን ትንሽ ብረት ተመልከቱ። 

አሁን ወደዚያ ወፍጮ ልመለስ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። እንጨት የፈለጠ ሰው ሽብልቅን ያውቃል። ጎነ ሰያፉ ቺንጋም ሽብልቅ ነው፤ በፑሌጃው ቦይ ውስጥ የሚይዘው በሁለት ጎኖቹ እንጂ በሆዱ አይደለም። ቦዩ በዘመን ብዛት ሲበላና ሲሰፋ ቺንጋው ወርዶ ወለሉን ይነካል፤ ያን ጊዜ ሽብልቅነቱ ቀረ። ሞተሩን አጥፍተን ፑሌጃውን በባትሪ አየነው፤ የቦዩ ወለል እንደ ተወለወለ ብር ያበራ ነበር። እንዲህ ባለ ፑሌጃ ላይ አሥር ቺንጋ ቢቀያየር ያው ነው። መለወጥ የነበረበት ፑሌጃው ነበር።

ውጥረቱም ልክ አለው። በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል የተዘረጋው ርዝመት 1 ሜትር ቢሆን፣ መሐሉ በአውራ ጣት ጠንከር ተደርጎ ሲጫን ወደ 16 ሚሊሜትር ያህል ቢረግብ ይበቃል። ከዚያ በላይ ማክረር ኩሽኔታውን ይገድላል። አዲስ ቺንጋ ስለሚለጠጥ ጥቂት ከሠራ በኋላ እንደገና መታየት አለበት። የሚያጣብቅ ነገር መቀባትን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ጩኸቱን ለጊዜው ዝም ያሰኛል፣ ከዚያ የዱቄቱን ብናኝ ሰብስቦ ነገሩን ያባብሰዋል። ቺንጋውን በፌሮ እየፈለቀቁ ማስገባትም የውስጡን ክር ይበጥሳል፤ የሞተሩን መቀመጫ ብሎኖች አላልቶ ሞተሩን ማስጠጋት ቀላል ነው።

ለምርመራ የተነሣው የቺንጋ መከለያ ደግሞ ሞተሩ እንደገና ሳይነሣ ወደ ቦታው ይመለስ። ወፍጮ ቤት የሚመጡት እናቶች ነጠላ ለብሰዋል፤ ቺንጋ የነጠላ ጫፍ ከያዘ ለመጮኽ እንኳ ጊዜ አይሰጥም።